ጎማው ምን ብሎ መሰከረ?

ሕግ ስንማር አስቀድሞ ከተነገሩን ነገሮች አንዱ ምስክርን ሳይሰሙ ማሰናበት ነውር መሆኑ ነበር። ነገሩ ለመኪና ጎማም እንደሚሠራ የገባኝ ግን በስተርጅና ነው።

የእህቴ ልጅ አሮጌ የስፖርት መኪና አለችው፤ ቢ ኤም ደብልዩ ዜድ 3። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይገለጣል። ባንድ ዓመት ውስጥ የኋላ ጎማዎቿን ሁለት ጊዜ ቀየረ። "ጋሼ፣ የሸጠልኝ ጎማ ፎርጂድ ነው፤ ክሰስልኝ" ብሎ ቤቴ መጣ።

ቆመን ስናየው ጎማው ደህና ነው፤ በውጭ በኩል ጥርሱ አልተነካም። ጎንበስ ብዬ እጄን በውስጥ በኩል ስሰድ ግን ሽቦ ጣቴን ወጋኝ። ልጁ በማግስቱ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ሊሄድ ነበር። ጎማው መንገድ ላይ ቢፈነዳ ኖሮ የምንነጋገረው ስለ ጎማ ዋጋ አይሆንም ነበር።

ጉዞው ቀረና አንድ የቆዩ መካኒክ ዘንድ ሄድን። እንደ እሳቸው አባባል ጎማ የተበላበት ቦታ ራሱ ይናገራል። መሀሉ ብቻ ከተበላ ነፋሱ በዝቷል። ሁለቱ ዳሮች ተበልተው መሀሉ ከቀረ ነፋሱ አንሷል። ዙሪያውን ጉድጓድ ጉድጓድ ከሠራ ብዙውን ጊዜ አሞርዛተሩ ደክሟል ወይም ባላንሱ ተዛብቷል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተላጨ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሳይሽከረከር ተጎትቷል ማለት ነው።

የእኛው የተበላው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ለዚህ ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ሲሆን ካምበር ይባላል። ሁለተኛው ጎማው ቀጥ ብሎ ወደፊት ከማየት ይልቅ ወደ ጎን መዞሩ ነው፤ ቶ ይሉታል። እግሩን ሸፈፍ አድርጎ የሚራመድ ሰው ጫማው እንዴት እንደሚያልቅ ያየ ይረዳዋል፤ ጎማው እየተሽከረከረም ወደ ጎን ይፋቃል።

ሁለቱን የሚለየው መዳፍ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ጓንት አድርገው መዳፍዎን በጎማው አግድም ያንሸራትቱ። ሲሄድ ለስላሳ፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ ጥፋቱ የቶ ነው። ሲሄድም ሲመለስም ለስላሳ ሆኖ ወደ ውስጥ ከተንጋደደ ካምበር ነው። የእኛ ላይ ሁለቱም ተባብረው ተገኙ።

"አላይመንት አሠርቻለሁ እኮ!" አለ ልጁ። ወረቀቱን አየነው፤ የተስተካከሉት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2002 የተመረተችው ዜድ 3 የኋላ እግሯ አሠራር የተወሰደው ቀደም ካለችው 3 ሲሪዝ ነው። በዚህ አሠራር የመኪናዋ ጀርባ ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ቶውም አብሮ ይለወጣል። ይህን የሚያስተካክል ብሎን ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣ ከኋላ የላትም። የቀድሞው ባለቤት ለውበት ብሎ አጭር ሞላ አስገብቶባት ኖሯል። ጎሚኒዎቿም አልቀዋል።

የስፖርት መኪና ጥምዝ ላይ መሬት እንዲቆነጥጥ ጎማው ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ተደርጎ ይሠራል። ጥፋት የሚሆነው ከፋብሪካው ልክ ሲያልፍ ነው። ሞላው በፋብሪካው ቁመት ባለው ተተካ፣ ጎሚኒዎቹ ተቀየሩ፣ አራቱም ጎማዎች ተለኩ። ከዚያ በኋላ የተገዙት ጎማዎች እኩል እየተበሉ ነው። ክሱም ቀረ፤ ባለሱቁ ንጹሕ ሰው ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ አላይመንት ሲያሠሩ የአራቱም ጎማዎች ልክ፣ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ፣ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይበሉ። በወር አንድ ጊዜም ጎንበስ ብለው የጎማዎን የውስጥ ዳር ይዩ። አዲስ ጎማ መግዛት ቀላል ነው፤ አሮጌው ለምን እንደሞተ ሳይጠይቁ መግዛት ግን ሌላ ንጹሕ ጎማ ለሞት መፍረድ ነው።