የጨቅላው ጆሮና የ45ኛው ቀን ቀጠሮ

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሕፃን የመጀመሪያ ቀጠሮዎች የታወቁ ናቸው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። በመካከሉ፣ በ45ኛው ቀን፣ እናት ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ትሄድና የመጀመሪያውን የጭን መርፌ ታስወጋለች። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የአራስ ቤት ነው። ገንፎውም አጥሚቱም እዚያው ይቀርባል፤ ልጅ ይዞ መውጣት ነውር ባይሆን እንኳ የሚመከር አይደለም።

የሕፃናትን መስማት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ደግሞ የራሳቸው ቀጠሮ አላቸው። ልጁ አንድ ወር ሳይሞላው ጆሮው ይፈተሽ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ችግር ካለ በትክክል ይለይ፤ ስድስት ወር ሳይሞላው እርዳታ ይጀመርለት ይላሉ። ይህ በዘፈቀደ የተቀመጠ ገደብ አይደለም። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቲን ዮሺናጋ-ኢታኖና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ የመስማት ጉድለታቸው ከስድስት ወር በፊት የታወቀላቸውን ሕፃናት ዘግይቶ ከታወቀላቸው ጋር አነጻጸሩ። ጉድለቱ ቀላልም ይሁን ከባድ፣ ቀድሞ የታወቀለት ልጅ በቋንቋ ችሎታው በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ አእምሮ ውስጥ ነው። ድምፅን የሚተረጉመው የአእምሮ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድምፅ ካልመጣለት ሌላ ሥራ ይይዛል። አኑ ሻርማ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ፣ መስማት ሳይችሉ ተወልደው የኮክሊያ መሣሪያ (ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) በቀዶ ጥገና የተተከለላቸውን ልጆች የአእምሮ ምላሽ ለክተዋል። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት የተተከለላቸው ልጆች ምላሽ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲቀራረብ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የተተከለላቸው ግን እንደዘገየ ቀርቷል።

እንግዲህ የአንድ ወሩ ገደብ ከአራስ ቤቱ ጋር ይጋጫል። ሀብታም አገሮች ግጭቱን የሚያልፉት እናት ከሆስፒታል ሳትወጣ ልጇን በመፈተሽ ነው። የ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት ግን በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሆስፒታል በር ላይ ብቻ የቆመ ፈታሽ ግማሹን ሕፃን ሳያይ ይቀራል። በእኔ እምነት ለምዕራብ ጎጃም የሚሆነው የፍተሻ ቀን 45ኛው ቀን ነው፤ ይህን የምለውም ለባህሉ ብዬ ብቻ አይደለም፣ ጆሮው ራሱ የሚስማማበት ምክንያት አለ።

በመጀመሪያ ግን ልጅሽ ይሰማል ወይ ብሎ እናቱን መጠየቅ ለምን አይበቃም? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ኧረ ይሰማል፤ ውሻ ሲጮህ ብትት ይል የለ!» ነው። እውነቷን ነው፣ ብትት ይላል። ነገር ግን የውሻ ጩኸት፣ የከበሮ ምት፣ የበር መንጓጓት ኃይለኛና ወፍራም ድምፆች ናቸው። ብዙ ሕፃናት የሚያጡት ቀጭኑን ነው። «ስ»፣ «ፍ» እና «ሽ» ስንል ከአፋችን የሚወጣው ድምፅ አብዛኛው ጉልበቱ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ሲሆን፣ ያውም ለስላሳ ነው። ይህን የማይሰማ ልጅ በጩኸት ይደነግጣል፣ ከጓሮ ጮክ ብለው ሲጠሩት ይዞራል፣ «ወሰድሽ»ን ከ«ወሰድህ» መለየት ግን ይቸግረዋል። ከጀርባው እጅ ማጨብጨብም እንዲሁ ያሳስታል፤ ሕፃኑ የእጁን ጥላ ያያል፣ ነፋሱ ይነካዋል፣ የተኛበት መደብ ይነዝረዋል። ጨርሶ የማይሰማ ጨቅላ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ሌላው ይስቃል፣ ድምፅ ያሰማል። ቤተሰቡ የሚነቃው ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር ነው፤ ያኔም «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» የሚል አይጠፋም።

ስለዚህ ልጁን ሳይሆን ጆሮውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ የሕፃናት ኦዲዮሎጂስት ሙያ ነው። ኦዲዮሎጂስት ቀዶ ጥገና አይሠራም፤ መስማትን ይለካል፣ የማዳመጫ መሣሪያ ይመጥናል፣ በዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደግሞ መለኪያውን ራሱን ይመረምራል።

ድምፅ የጆሮ ታምቡርን ሲመታ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተቀባብለው ወደ ውስጥ ያሻግሩታል። የሦስተኛዋ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰውነታችን ከእርሷ የምታንስ አጥንት የለችም። ከእርሷ ቀጥሎ ፈሳሽ የሞላው፣ የተጠቀለለው ኮክሊያ አለ። ውስጡ 15,000 ገደማ ጸጉራም ሕዋሶች ተደርድረዋል። ልጁ ሳይወለድ ተሠርተው ያልቃሉ፤ ከሞቱ በሰው ላይ ምትክ የላቸውም። 3,500 ያህሉ የሰሙትን ወደ አእምሮ ይልካሉ። የቀሩት፣ ውጨኞቹ፣ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ድምፅ ሲደርሳቸው እየተኮማተሩና እየተዘረጉ ደካማውን ድምፅ ያጎላሉ። በእነርሱ እንቅስቃሴ የተነሣ ጤነኛ ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል።

ቶማስ ጎልድ የተባሉ ሳይንቲስት ይህ ሊሆን እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ1948 ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። (የመስማት ሳይንስ ሰሚ ሲያጣ!) ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ዴቪድ ኬምፕ ለንደን ውስጥ በጆሮ ቀዳዳ ማይክሮፎን አስገብተው ድምፁን ቀዱት። ወደ ዓባይ ሸለቆ የጮኸ እረኛ ድምፁ ተመልሶ እንደሚሰማው፣ ወደ ጆሮ የተላከች አጭር ድምፅ ጥቂት ቆይታ ትመለሳለች። ልዩነቱ ገደል የተሰጠውን ብቻ ሲመልስ ጆሮ የራሱን ጉልበት ጨምሮ መመለሱ ነው፤ ውጨኞቹ ሕዋሶች ከሞቱ ምንም አይመለስም።

ዛሬ ይህን የሚለካው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳ ቡሽ በጨቅላው ጆሮ ይገባል፤ በውስጡ ትንሽ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን አለ። ልጁ ጠብቶ ከተኛ የአንድ ጆሮ ፍተሻ በጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ውጤቱ «አልፏል» ወይም «እንደገና ይታይ» ነው። «እንደገና ይታይ» ማለት አይሰማም ማለት አለመሆኑን ለእናቲቱ ረጋ ብሎ መንገር የሥራው ግማሽ ነው።

የ45ኛው ቀን ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በተወለደ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን የተፈተሸ ሕፃን ጆሮው ውስጥ ከማሕፀን የመጣ ፈሳሽና ቅባት ስለሚኖር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። በስድስተኛው ሳምንት ያ ሁሉ ደርቋል፣ ተጠርጓል። የሐሰት ማስጠንቀቂያው ይቀንሳል፤ በከንቱ የምትጨነቀው እናትም እንዲሁ።

መሣሪያው ግን ሁሉን አያይም። ሲወለዱ አየር ያጠራቸው ወይም ሰውነታቸው ክፉኛ ቢጫ የሆነባቸው አንዳንድ ሕፃናት ውጨኞቹ ሕዋሶቻቸው ደህና ሆነው ከዚያ በላይ ያለው ነርቭ ይታወካል። እንዲህ ያለው ጆሮ ድምፁን ይመልሳል፣ ፍተሻውንም ያልፋል፣ መልእክቱ ግን አእምሮ ጋ ተዘበራርቆ ይደርሳል። ለእነዚህ ሌላ መለኪያ አለ፤ ግንባርና ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች። በሺህ የሚቆጠሩ ጠቅታዎች ለተኛው ልጅ ይሰሙና የነርቩ ምላሽ በኮምፒውተር ይደመራል፤ ከእያንዳንዷ ጠቅታ በኋላ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ ተከታታይ ሞገዶች ብቅ ይላሉ። ጁወትና ዊሊስተን የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ሞገዶች በዝርዝር የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ጨቅላ ሕፃናት ማቆያ ክፍል የቆየ ልጅ በዚህኛው መታየት አለበት። በተለይ እዚያ ሳለ ጄንታማይሲን የወሰደ ከሆነ፤ መድኃኒቱ ሕይወት ያድናል፣ መጠኑና ጊዜው ከበዛ ደግሞ ጸጉራም ሕዋሶችን ይገድላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሕፃናት የመስማት ጉድለት 60 በመቶ ያህሉ መከላከል የሚቻል ነው። ይህን ቁጥር ወደ ቡሬ ገጠር ካመጣነው ዋና ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ማጅራት ገትርና የሚመግል ጆሮ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ከዚህ በሽታ የተረፈ ልጅ ኮክሊያው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ስለሚችል ጆሮው በወራት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ መታየት ይገባዋል። በ45ኛው ቀን የሚሰጡት ክትባቶች፣ አምስቱን በሽታ የሚከላከለውና በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የሳንባ ምች ክትባት፣ ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ዋና ዋና ተህዋስያን አንዳንዶቹን ይከላከላሉ። የጆሮ ክትባት ብሎ የሚጠራቸው ባይኖርም በተግባር ናቸው።

የሚመግለው ጆሮ ታሪክ ረጅም ነው። ጉንፋን ከጉሮሮ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይሻገራል፣ መግል ታምቡሩን ይበሳል፣ ጆሮው ለወራት ያዣል። ቤት ውስጥ ዘይት፣ ለጋ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ይንጠባጠብበታል። የተቀደደ ታምቡር ውስጥ የገባ ቅቤ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ትክክለኛው መነሻ በጣም ቀላል ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ እስኪደርቅ ድረስ በቀን ደጋግሞ መጥረግ፣ ከዚያ ጤና ባለሙያ ያዘዘውን ጠብታ መጨመር። ይህንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልታስተምረው ትችላለች።

በዘር ስለሚተላለፈው አንድ ነገር ልጨምር። የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ በሚበዛባቸው አገሮች ሲወለዱ መስማት የተሳናቸው ልጆች ቁጥር ከፍ ይላል። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያጋባው የጎጃም ሽማግሌ ስለ ጂን ባይሰማም ሥራውን ሠርቷል።

የክትባት ቀንን ለጆሮ መጠቀም አዲስ ሐሳብ አይደለም። በናይጄሪያ የሕፃናት ሐኪሟ ቦላጆኮ ኦሉሳንያ ሌጎስ ውስጥ ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሚመጡ ጨቅላዎችን ጆሮ ፈትሸዋል። በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲው ደ ዌት ስዋንፑል በክትባት ክሊኒኮች ያደረጉትን ፍተሻ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። ሁለቱም ቦታ ፍተሻው ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። ያስቸገረው ዳግም የተቀጠሩት እናቶች ተመልሰው እንዲመጡ ማድረግ ነው።

ምዕራብ ጎጃም የራሱ ጣጣዎች አሉበት። አንዱ ጫጫታ ነው። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናቸው፤ የከባድ መኪናና የባጃጅ ድምፅ አይቋረጥም፣ በገበያ ቀንማ ተዉት። ደግነቱ ይህ ጫጫታ በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ፍተሻውን ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ላይ ብቻ በማድረግ ብዙውን ማምለጥ ይቻላል። ምን ያህል ጫጫታ ምን ያህል ጤነኛ ሕፃን እንደሚጥል ለክቶ ማውጣት ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሚመጥን ጥያቄ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ቡሬ ካምፓስ አለው፤ ባሕር ዳርም ሩቅ አይደለም። ተመራማሪው ድምፅ አልባ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከሚያገኘው መልስ ጤና ኬላ ሄዶ የሚያገኘው ይበልጣል።

ሌላው ጣጣ ከባዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአካባቢው የተነሣው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ የክትባት ቀጠሮ አዛብቷል። በነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ፍንዳታ የቀደደው ታምቡር ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገጥማል፤ ኮክሊያ ውስጥ የሞተው ግን አይመለስም።

ከተገኘ በኋላስ? የማዳመጫ መሣሪያ ማለት ባትሪ ማለት ነው፤ ትንሿ ባትሪ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽም ልጁ ባደገ ቁጥር አንሶ ያፏጫልና በየጥቂት ወሩ ይቀየራል። ይህ ካልታሰበ መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ያድራል። የምልክት ቋንቋም የመጨረሻ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ልጁ ገና ጡት ሲጠባ ቤተሰቡ ቢጀምረው ቋንቋ ያገኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ምሩቃኑ ወደ ወረዳ ቢደርሱ ሥራ አያጡም።

የክትባት ካርዱን ገልጦ ላየ ሰው የቀረው ቀጠሮ ተጽፎ ይገኛል። በ45ኛው ቀን ያላለፈ ልጅ በአሥረኛው ሳምንት ለሁለተኛው መርፌ ሲመጣ ይደገምለታል። እንደገና ካላለፈ፣ በ14ኛው ሳምንት ለሦስተኛው ሲመጣ የኤሌክትሮዱን ምርመራ የሚሠራ ባለሙያ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቶ ይጠብቀዋል፤ ሦስት ወር አለፍ ብሎ መሆኑ ነው። በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ሲመጣ አንገቱን አዙሮ ድምፅ ለመፈለግ ደርሷል፤ ከጎኑ ድምፅ አሰምቶ ሲዞር የሚያበራ አሻንጉሊት በማሳየት ይለካል። በአንድ ዓመት ከሦስት ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለ፤ ለዚያን ቀን መሣሪያ አያስፈልግም። እናቱ ከጓዳ ሆና፣ ፊቷንም እጇንም ሳታሳየው፣ በለሆሳስ «ጫማህን አምጣ» ትበለው። ካላመጣ፣ ጥቂት ቃልም ካላወጣ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ በዚያው ቀን ትንገራት።