ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ፣ ማገገሙ ጁባ

ጁባ ላይ ሆቴል ወይም ሱቅ የያዘ ኢትዮጵያዊ ውሎው ከደንበኛ ፊት ነው። «ምነው፣ ሳትተኛ አደርክ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በየጠዋቱ ሲደጋገም ያሰለቻል። እንቅልፍ ማጣትና ጨው የበዛበት እራት ያመጡት የዓይን ሥር እብጠት እስከ እኩለ ቀን ይጎድላል። ዕድሜ ሲገፋ ግን በዓይን ዙሪያ ያለውን ስብ የያዘው ስስ ሽፋን ይላላና ስቡ ወደ ፊት ይወጣል፤ በዘርም ይወረሳል። ይህን ዓይን ላይ የሚደረግ ኪያር አይመልሰውም፤ መፍትሔው የታችኛው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ነው።

ሐኪሙ በሽፋሽፍቱ ሥር፣ ወይም በታችኛው የዓይን ቆብ የውስጥ ገጽ በኩል ይገባል። ሁለተኛውን መንገድ ፈረንሳዊው ዡልየን ቡርጌ እ.ኤ.አ. በ1924 ገልጾታል፤ በውጭ በኩል ጠባሳ አይተውም። አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነች «ዓርብ ተሠርቼ ሰኞ ሱቄን እከፍታለሁ» ማለት ይቀላል። እኔ ግን በዚህ ስሌት አልስማማም።

ትልቁ ምክንያት ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚፈስ ደም ነው። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ዓይን እየወጣ ከባድ ሕመም ከተሰማ፣ እይታም ከደበዘዘ፣ ደሙ የሚፈጥረው ግፊት በ90 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ካልተቃለለ የዓይን ብርሃን ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ አውሮፕላን አይጠበቅም፤ ቀዶ ሐኪሙ ቅርብ መሆን አለበት። ስፌት ካለ የሚወጣውም ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሳምንቱን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማሳለፍ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ጨርቅ እየደጋገሙ ማሳረፍ፣ ትራስ ደራርቦ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። ጄኔሬተር ሲጠፋ በረዶ በሚቀልጥበት የጁባ ቤት ይህ ራሱ ፈተና በሆነ ነበር። በቆዳ ሥር የጠቆረው ደም ወደ ጉንጭ ወርዶ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ፣ በ10 ወይም በ14 ቀን ይለቃል።

ወደ ጁባ ሲመለሱ በየካቲትና መጋቢት ሙቀቱ 38 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቦዳ ቦዳው (የሞተር ሳይክል ታክሲው) የሚያስነሳው አቧራ ደግሞ ገና ያላገገመ ዓይን ያቃጥላል። የጠይም ሰው ቁስል ፀሐይ ሲያገኘው ጥቁረቱ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ጥቁር መነጽርና ባርኔጣ ግድ ነው (ደግነቱ እዚያ መነጽር ማንንም አያስገርምም)። ከሰል ምድጃ ላይ ጎንበስ ብሎ ቡና መቁላትም ይቅር፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ማጎንበሱም ደም ወደ ፊት ይልካል። ጾም ላይ ያለ ሰው ስለ ስግደቱ ከሐኪሙ ጋር ይማከር። የደም መፍሰስ ስጋት ስላለም፣ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይናገር፤ ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን በራሱ አያቋርጥ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ዓይን ከሌላው ይበልጥ ያበጠ መስሎ ሊታይ ይችላል። ያኔ መደንገጥና ለሐኪም መደወል ያጋጥማል። መልኩ በትክክል የሚረጋጋው ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ «ይደገምልኝ» ከማለት በፊት ያን ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።