ተጨማሪ መረጃ፦ ቅኔ ቆጣሪው አንጎል

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቷ ስመ ጥር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ተምረውባታል። የቅኔ ተማሪ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ያለ ብዕርና ወረቀት በግእዝ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በቃሉ ያዘጋጃል። ከቅኔ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ቢሆንም ቤት መምታቱን፣ የዜማውን ልክ፣ ሰዋስዉንና ሰምና ወርቁን ባንድ ጊዜ በጭንቅላት መያዝ ይጠይቃል። ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል።

እንዲህ መረጃን ለአጭር ጊዜ በጭንቅላት ይዞ፣ በያዙትም የመሥራት ችሎታ የሥራ ትውስታ ይባላል። አለን ባድሌይና ግራሃም ሂች አሠራሩን የሚያሳይ ታዋቂ ሞዴል ያቀረቡት በ1974 እ.ኤ.አ. ነበር።

አንጎልንና አስተሳሰብን አገናኝቶ የሚያጠናው መስክ ደግሞ ኮግኒቲቭ ኒውሮሳይንስ ይባላል። በዚህ መስክ የሚሠለጥን ሰው ሥነ ሕይወትንም ሥነ ልቦናንም ይማራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ቬዳ የሚባሉትን የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት በቃላቸው የያዙ የህንድ ሊቃውንትን አንጎል በኤምአርአይ አንሥቶ፣ ለትውስታ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስ ላይ ጭምር ልዩነት አግኝቷል። የቅኔ ተማሪዎቻችንም እንዲህ ሊጠኑ ይገባቸዋል።

እስቲ የሥራ ትውስታችሁን ሞክሩ፦ ጓደኛችሁ አምስት ቁጥሮች ይጥራላችሁ፤ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ መልሱለት። ከዚያ ስድስት፣ ሰባት እያደረጋችሁ የት ላይ እንደጠፋባችሁ መዝግቡ።