የሜሞሪ ብክነት፣ ሊንተርና የጉራጌ ፊደላት

ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ለሚቀበለው ስም፣ ቁጥርና ዝርዝር ሁሉ ማኖሪያ የሚሆን ቦታ ከሜሞሪ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ይዘቱ ከሚጠፋው ፈጣን የመረጃ መያዣ፣ እየጠየቀ ይይዛል፤ ሲጨርስም የያዘውን ይለቃል። ቦታ መያዙ የማይቀር ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ መያዝ የሚበቃውን ሺህ ጊዜ የሚይዝ ወይም ወዲያው የሚጣል ቅጂ ደጋግሞ የሚፈጥር ኮድ፣ ውጤቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ማሽኑን ያዘገያል። ጉዳቱ ሰፊ ሜሞሪ ባላቸው ሰርቨሮች ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ በርካሽ ስልኮችና ባረጁ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ፈጥኖ ይገለጣል።

ይህን ዓይነቱን ብክነት ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ለመያዝ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ሊንተር ይባላሉ። ሊንተር ኮዱን አያስኬድም፤ የተጻፈውን አንብቦ አወቃቀሩን ይበትንና አስቀድሞ ከሚያውቃቸው አጠራጣሪ አጻጻፎች ጋር እያስተያየ፣ የሚመሳሰል ሲያገኝ መስመሩን ጠቅሶ ያስጠነቅቃል። የመጀመሪያውን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአሜሪካው ቤል ላብስ ያዘጋጀው ስቲቨን ጆንሰን ሲሆን፣ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ዝም ብሎ የሚያሳልፋቸውን ስህተቶች ለመልቀም የታሰበ ነበር፤ ብክነትን የሚፈልጉት ሕጎች የተጨመሩት ኋላ ነው።

የአሠራሩ ጥቅም በስሌት ይታያል። በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የሕክምና መዝገብ ፕሮግራም በጉራጌው አታት ሆስፒታል የተመዘገቡ የ1,000 ታካሚዎችን ሙሉ ስም፣ እያንዳንዱ 10 ፊደል ቢሆን፣ በአንድ ረጅም ጽሑፍ አስከትሎ ማተም አለበት እንበል። ጃቫ አንዴ የተሠራ ጽሑፍ እንዲለወጥ ስለማይፈቅድ፣ ስሞቹ አንድ በአንድ በመደመር ምልክት ከተቀጠሉ በየዙሩ አዲስ ቦታ ተይዞ ያለፈው ሁሉ ይገለበጣል። የመጨረሻው ጽሑፍ 10,000 ፊደል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ለመድረስ የተገለበጠው ከ5,000,000 ፊደል በላይ ይሆናል፤ ጃቫ ለአንድ የአማርኛ ፊደል 2 ባይት ስለሚይዝም ለ20,000 ባይት ውጤት ከ10 ሚሊዮን ባይት በላይ ይመላለሳል። ስፖትባግስ የተባለው የጃቫ ኮድ መርማሪ ይህን አጻጻፍ ለይቶ ያወጣዋል፤ መፍትሔውም ስትሪንግ ቢልደር በተባለው የመገንቢያ መሣሪያ መተካት ነው።

ሌሎቹም ሕጎች በዚሁ መንፈስ የተቀረጹ ናቸው። ጎ በተባለው ቋንቋ ፕሪአሎክ የሚባለው ሊንተር፣ መጠኑ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ዝርዝር ከባዶ ተነሥቶ ሲያድግ ካየ፣ እህሉን ከትንሽ ጎተራ ወደ ትልቅ ደጋግሞ ከመገልበጥ ገና ሲጀመር በቂውን ጎተራ ማቆም እንደሚሻል ሁሉ፣ ቦታው በአንድ ጊዜ እንዲያዝ ይመክራል። የአንድሮይድ ሊንት ደግሞ በሰከንድ እስከ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊጠራ በሚችለው የስክሪን መሣያ ክፍል ውስጥ አዲስ ነገር እንዳይፈጠር ያስጠነቅቃል።

ሆኖም ሊንተር የሚያነበው ኮዱን እንጂ ወደ ኮዱ የሚገባውን መረጃ አይደለም፤ የግዕዝ ፊደል ለሚጠቀም ሰው ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋናው የፓይተን ቋንቋ ማስፈጸሚያ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከ3.3ኛው እትም ጀምሮ፣ የአንድን ጽሑፍ የሜሞሪ ስፋት የሚወስነው በውስጡ ካሉት ፊደላት ከፍተኛው የመለያ ቁጥር ባለው ነው፤ የላቲን ፊደላትና አኃዞች ብቻ ሲሆኑ ለእያንዳንዱ 1 ባይት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሲገባ ለሁሉም 2 ባይት ይሆናል። ንጹሕ የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ብዙ አይጎዳም፤ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ «ከበደ» 3 ፊደል በ6 ባይት ሲያድር፣ ያው ስም በላቲን 6 ፊደል በ6 ባይት ያድራልና። በአኃዝና በላቲን ኮድ የተሞላ የ10,000 ምልክት ሪፖርት ግን አንድ የአማርኛ ስም ሲገባበት ከ10,000 ወደ 20,000 ባይት ገደማ ይሰፋል።

የጉራጌ ቋንቋዎች ደግሞ አንድ ደረጃ ይጨምራሉ። እንደ ᎀ እና ᎄ ያሉት የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት፣ ሲገቡ ቁጥራቸው ከአማርኛው ብዙ ስላልራቀ 2 ባይት ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌኛ የተጨመሩት 28 ፊደላት ግን ከ65,535 በላይ ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ አንዱ ብቻ ቢገኝ ፓይተን የጽሑፉን ምልክቶች ሁሉ ወደ 4 ባይት ያሳድጋቸዋል፤ ያ ሪፖርትም 40,000 ባይት ገደማ ይደርሳል። ጃቫ በአንጻሩ ለራሱ ለፊደሉ ብቻ 4 ባይት ይሰጣል።

ከዚህ ተነሥቶ ፊደላቱን መተው ወይም ስሙን በላቲን መጻፍ ይሻላል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሰው ስሙ በትክክል ተጽፎ የማግኘት መብቱ ከጥቂት ሺህ ባይት ይበልጣል፣ ለሜሞሪው መጠንቀቅ ደግሞ የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው። ፓይለንት የተባለው የፓይተን ሊንተር ስሞችን በዙር ከመቀጠል በአንድ ትእዛዝ ማገናኘትን ይመክራል፤ ምክሩ ግልበጣውን ያስቀራል፣ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ ስለሚያስር የአንዷ ፊደል ስፋት ለሁሉም ይተርፋል። መዝገቡ መስመር በመስመር ወደ ፋይል ቢጻፍ ግን መስፋቱ ፊደሏ ባለችበት መስመር ላይ ይወሰናል፤ በተለመደው የፋይል አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አዲሷ የጉራጌ ፊደል ራሷ 4 ባይት፣ የአማርኛው 3፣ አኃዙ 1 እየያዙ ይቀመጣሉና።

ስለዚህ የሊንተሩ ማስጠንቀቂያ ከተስተካከለ በኋላም ልኬት ያስፈልጋል። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ትሬስማሎክ የትኛው መስመር ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ በሥራ ላይ ያሳያል፤ ነገር ግን መሞከሪያው መረጃ በእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ የተሞላ ከሆነ መስፋቱ በልኬቱ ውስጥ ስለማይገባ፣ የአማርኛና የጉራጌኛ ስሞች ከነአዲሶቹ ፊደላት ከመጀመሪያው ሊካተቱበት ይገባል። ብዙ ሊንተሮች ተጠቃሚው ራሱ የጻፈውን ሕግ ስለሚቀበሉም፣ ረጃጅም መዝገቦችን በአንድ ጽሑፍ የሚያስረውን ኮድ ለይቶ የሚያስጠነቅቅ ሕግ መጻፍ፣ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለሚያጠኑ ተማሪዎች እንኳ ከአቅም በላይ ያልሆነ፣ ለአካባቢያቸውም ቋንቋ በቀጥታ የሚጠቅም የመመረቂያ ሥራ ነው።