ቀለም የተቀባ ሁሉ አልታደሰም!

«ቅጥቅጥ» ለምን ቅጥቅጥ ተባለ? የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ፣ እዚሁ አገር ቤት ላሜራ እየተቀጠቀጠ ቦዲ ስለሚሠራለት ነው።

በብዙ የድሮ አውቶቡሶች ደግሞ ከላሜራው ሥር ያለው አጽም እንጨት ነበር። ጠላቱ ውሃ ነው። በመስኮትና በምስማር ቀዳዳ ገብቶ ታች ይጠራቀማል፤ ከውጭ ሳይታይ ያበሰብሰዋል።

ስለዚህ ዕድሳት በቀለም አይጀመርም። ላሜራው ይፈታል፤ አናጺው የበሰበሰውን እንጨት እንደ ልክ ይዞ አዲስ ይቆርጣል። ሁሉም ባንዴ ከወጣ ቦዲው ቅርጹን ይስታል፤ የሚተካው አንድ በአንድ ነው። ከዚያ ባቲላሜራው ይቀጥላል፤ ስቱኮና ቀለም መጨረሻ።

ዶርዜዎች ይህን ያውቁታል፦ የቀርከሃ ቤታቸውን ሥር ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ እንጂ አይሸፍኑትም።

መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን የሚሸከመው አጽሙ ነው፤ ስቱኮ ሰው አያድንም። አሮጌ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ከሥሩ እዩ!