ቆጥ ላይ የከረመ ሞተር

ሩዙ ታጭዶ አውድማ ሲገባ የፎገራ ሜዳ ፊቱን ወደ ሽንኩርት ያዞራል። ክረምቱን ሙሉ የርብና የጉማራ ሙላት ሲያስጨንቀው የከረመው ገበሬ አሁን በተራው ውሃ ፍለጋ ይወጣል። በሰኔ ጎርፉን ሸሽቶ ቆጥ ላይ የተሰቀለው ፓምፕ ይወርዳል፤ ገመዱ ይሳባል፣ ደግሞ ይሳባል፣ ክንድ እስኪዝል ይሳባል። ወይ ፍንክች። በማግሥቱ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ወረታ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ባለቤቱ ምርመራውን ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ካንዴላ ነው፣ ወንድምዓለም፤ ቀይርልኝ።» አዲሱን ካንዴላ ገዝቶ በኪሱ የያዘም አይጠፋም። «ሰኔ ላይ እኮ ምንም አልሆነም ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። በዚህ ወቅት ከሚመጡልኝ ፓምፖች አብዛኞቹን ሥራ አልጎዳቸውም። የጎዳቸው ዕረፍት ላይ ሳሉ ውስጣቸው የቀረው ቤንዚን ነው።

ከካርብራቶሩ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ክፍል በ10 ቁልፍ ፈትቼ አወርዳለሁ። ትኩስ ቤንዚን ጠርቶ ይታያል፤ ሽታውም አፍንጫ ይሰረስራል። የከረመው ግን ቡናማ ሆኗል፤ የሚሸተው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ነው፤ ከሥሩ ጣት ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ተቀምጧል። ቀጥሎ ነዳጅ የሚያልፍባትን የነሐስ ቀዳዳ ነቅዬ ወደ ፀሐይ አነጣጥራለሁ። ለዝግተኛው ዙር የምታገለግለው ቀዳዳ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብርሃን ካላሳየች ነገሩ አለቀ፤ ካንዴላው ወደ ኪስ ይመለሳል። ማጽጃዬ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ናት። በመርፌ የሚጎረጉር ሰው ሳይ ያመኛል፤ ብረቱ ነሐሱን ያሰፋዋል፣ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ሲያፈስ ይኖራል።

ቤንዚን በመቶ የሚቆጠሩ ውህዶች ቅይጥ ነው። በጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስነሱት ቀላሎቹ ናቸው፤ ቀድመው ተነው የሚያመልጡትም እነሱው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ትነቱም በዚያው ልክ ይፈጥናል። ከሚቀሩት መካከል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህደው ቀስ በቀስ ወደ ሙጫ የሚለወጡ አሉ፤ ሙቀትና መዳብ ያፋጥኗቸዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሳልባትዮ ውስጥ ያለው 3 ሊትር ገና ለሥራ የሚበቃ ሊሆን ይችላል፤ ካርብራቶሩ ሥር የምትቀረው ግን ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም የማትበልጥ፣ ለአየር የተከፈተች ናት። ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት። የአምራቾች መመሪያ ብዙውን ጊዜ 30 ቀንን እንደ ድንበር ይወስዳል፤ የእኛ ፓምፕ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ይተኛል።

«አባባ፣ ቤንዚኑን በሰኔ ለምን አላወጡትም?» ብዬ አንድ ሽማግሌ ጠይቄ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ማደያ ተሰልፌ ያገኘሁትን ላፍስሰው?»

ይህን መልስ ንቄ የማልፈው አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ዋጋ በማደያ እንኳ 100 ብርን ተሻግሯል፤ ከማደያ ውጭ ያለውን አልናገርም። በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ይዘህ የምትመላለስበት ጊዜ አለ። እንዲህ የተገኘን ነገር ጉድጓድ ውስጥ ድፋው ማለት ስድብ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ቤንዚኑ ትኩስ ሳለ በየቀኑ ለሚሠራ ሞተር ይሰጥ። የጎረቤት ባጃጅ 3 ሊትር በአንድ ቀን ትጨርሳለች። እህል እንደሚበዳደሩት፣ በሰኔ ሰጥቶ በታኅሣሥ ትኩሱን መቀበል ነው። ሽማግሌው በሐሳቡ ሳቁ፤ «ባጃጅ ነጂ ብድር ይመልሳል ብለህ ነው?» አሉኝ። እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም።

ቤንዚኑን የማውጣቱ ሥራ ራሱ ቀላል ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ፓምፑ ውሃ እየሳበ ሳለ፣ የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋል፤ ሞተሩ የቀረችውን ጠጥቶ ራሱ ይጠፋል። ያለ ውሃ ግን አይሞከርም፤ ደረቁን የሠራ ፓምፕ ውሃ የሚይዝለት ጎማ ይቃጠላል። ከዚያ ከካርብራቶሩ ሥር ያለው ቡሎን ላላ ተደርጎ ጠብታው ይወጣል፤ የሳልባትዮው ይቀዳል። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት አስገብቶ ገመዱን አንድ ሁለቴ በቀስታ መሳብ ዝገት ይከላከላል።

የግድ ቤንዚን የሚያስቀምጥ ሰው ጥብቅ ክዳን ባለው የነዳጅ ጀሪካን፣ እስከ አንገቱ በተሞላ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጥ። ቆጥ ላይ ግን በፍጹም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከቆጡ ሥር ያለው ደግሞ ምድጃው ነው። ፓምፑ ራሱ ሳልባትዮው እንደሞላ ቆጥ ላይ ሲወጣም አደጋው ያው ነው። ስለ ቀዳዳ መደፈን ከደንበኛ ጋር ተከራክሬ ልሸነፍ እችላለሁ፤ በዚህ ግን አልለዝብም።

በሌላው ዓለም መድኃኒቱ ይገዛል። ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚጨመር ፈሳሽ አለ፤ የሚሠራው ትኩስ ላይ ሲጨመር ብቻ ነው፣ የሞተውን አያስነሳም። እንደ ስዊድኑ አስፐን ያሉ ኩባንያዎች ደግሞ ለዓመታት የማይበላሽ ልዩ ቤንዚን ለትንንሽ ሞተሮች ይሸጣሉ። ወረታ ላይ ይህን መመኘት ትርፉ ድካም ነው።

አልፎ አልፎ ከአዲስ ዘመን በኩል፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ የሞተር መጋዝ ይመጣልኛል። የገዳሙ ደን የተከበረ ነው፤ መጋዙ የሚሠራው በገበሬው ባሕር ዛፍ ላይ ነው፣ ያውም ቤት የሚሠራ ሰው ሲገኝ። ካርብራቶሩ ከፓምፑ ይለያል፤ ነዳጁን የምትቆጣጠረው እንደ ወረቀት የሳሳች ተጣጣፊ ሽፋን ናት። ያረጀ ቤንዚን ያደርቃታል፤ አንዴ ከደረቀች መለወጥ እንጂ ማጽዳት የለም፣ መለወጫውም እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ነዳጁ ደግሞ ከዘይት ጋር ይበጠበጣል፤ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ 50 ለ1 ነው የሚሉት፣ ለሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የተበጠበጠውን ለባጃጅ አበድረህ አትገላገልም። ስለዚህ መጋዝ ያለውን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው የሚጣለው ዛፍ ስንት እንደሆነ ነው። ሁለት ሦስት ከሆነ ግማሽ ሊትር በቂው ነው፤ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን እቤቱ ይተወው።