ሚሊግራሙ የምን ነው?

የመድኃኒት መጠን ማስያ አፕ ምን እንደሚሠራ ለመናገር አንድ መስመር ይበቃል። የታማሚውን ኪሎ ያስገቡለታል፣ መድኃኒቱን ይመርጡለታል፣ እሱም ስንት ሚሊግራም እንደሚሰጥ፣ ያም ስንት ሚሊ ወይም ስንት ፍሬ እንደሚሆን ይነግርዎታል። ይኸው ነው። ቀላል ስለሚመስልም ይናቃል። «ማባዛት አቅቶን ነው እንዴ?» የሚል ፋርማሲስት እዚህ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ደብረ ታቦርም፣ ወረታም፣ አዲስ ዘመንም አይጠፋም። ማባዛቱንስ ማን ጠረጠረው? የሚያሳስበኝ ምኑን ከምን ጋር እንዳባዛው ነው።

ብዙ መድኃኒት ብቻውን አይመጣም። ቶሎ እንዲሟሟ፣ ሳይበላሽም እንዲቆይ ከአሲድ ጋር ተጣምሮ በጨው መልክ ይዘጋጃል። በሽታውን የሚዋጋው ግን ቤዝ የምንለው ዋናው ክፍል ነው። ጤፍ ከነጆንያው ሲመዘን የጆንያው ክብደት ይቀነሳል፤ ይህን ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ወደ መድኃኒት ስንመጣ ግን ጆንያው ተቀንሶ ይሁን ሳይቀነስ ካርቶኑ ሁልጊዜ አይነግረንም።

ክሎሮኩዊንን እንውሰድ። ጣና ዳር የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ወባንም ያውቃል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ሲገኝበት አዋቂ ሰው በመጀመሪያው ቀን 4 ፍሬ፣ በማግስቱ 4፣ በሦስተኛው ቀን 2 ይወስዳል። «አራት፣ አራት፣ ሁለት» እዚያ አካባቢ ለሠራ የጤና ባለሙያ እንደ ስሙ ነው፤ ድምሩ 10 ፍሬ። መመሪያው ግን ፍሬ አይቆጥርም፤ በኪሎ 25 ሚሊግራም፣ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1500 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ካርቶኑ ላይ ደግሞ 250 ሚሊግራም የሚል እናገኛለን። 1500 ለ250 ሲካፈል 6።

አራቱ ፍሬ የት ገባ? መመሪያው 25 ያለው በቤዝ ነው፤ 250ው ደግሞ የፎስፌት ጨው ክብደት ነው። አንዱ ፍሬ በውስጡ የያዘው ቤዝ 150 ሚሊግራም ብቻ ነው። 1500ን ለ150 ያካፍሉ፤ አሥሩ ፍሬ ሙሉ ይመጣል። በስድስቱ ተሸኝቶ ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ቢኖር «ወባው መድኃኒቱን ተላምዷል» ሊባል ይችላል፤ የተሳሳተው ግን ስሌቱ ነው።

«እንግዲያው ሁሉንም ጨው ነው ብዬ ልቀንስ» እንዳይባል ደግሞ ፕሪማኩዊን አለ። እሱ 15 ሚሊግራም ሲባል ቤዙ 15 ነው፤ ጨውነቱ ሲመዘን 26.3 ሚሊግራም ይሆናል። ለአንድ በሽታ አብረው የሚታዘዙ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው፤ አንዱ ከነጆንያው ተጽፏል፣ ሌላው ያለ ጆንያ። ይህን በቃል ይዞ፣ ሠላሳ ሰው በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ እየጠበቀው፣ ሳይሳሳት የሚውል ሰው አለ ብዬ አልከራከርም። አፑ ግን አይደክመውም።

ነገሩ በደቡብ ጎንደር ከወባም ያልፋል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው ለደጋው ሰው እንግዳ ስለነበር መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር፤ ከሑመራና ከመተማ የቀን ሥራ በተመለሱ ሰዎች እንደገባ ይታመናል። ሕሙማኑን አዲስ ዘመን ላይ ያከመው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ዋናው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ተጣምረው ለ17 ቀን የሚወጉበት ሆኖ ቆይቷል። ፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊግራም ይባላል፤ 15ቱ ግን የሰልፌቱ ጨው ነው፤ በቤዝ 11 ነው። ሁለት ሚሊ የምትይዘው አምፑል ደግሞ 750 ሚሊግራም ቤዝ አላት፤ በአንድ ሚሊ 375 ማለት ነው። 40 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 11ን ይዘን ብናሰላ 1.2 ሚሊ ግድም እናገኛለን። 15ን ይዞ ለ375 ያካፈለ 1.6 ሚሊ ይስባል። ከሲሶ በላይ ጭማሪ፣ ጆሮና ኩላሊት ሊጎዳ በሚችል መድኃኒት፣ ለ17 ቀን!

አንድ ወጣት የሠራውን ማስያ ስልኩ ላይ አሳይቶኛል። ያማረ ነው፤ ቶሎ ይከፈታል፣ ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ። ክሎሮኩዊን፣ 60 ኪሎ ብዬ ጻፍኩ። ስድስት አለኝ። ኮዱን ከፍቶ ሲያየው አንድም ግድፈት የለበትም፤ ማካፈሉ ትክክል ነው፣ ቁጥሩን ግን ከካርቶን ላይ ነው የገለበጠው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ኮድ ጸሐፊ ብቻውን አያገኘውም፤ ፋርማሲስት አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ደብረ ታቦር ላይ ሁለቱም አሉ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪም የኮምፒውተር ተማሪም አለው፤ የቴክኖሎጂ ተቋሙም አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩባት በጋፋት ስም ይጠራል። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለጠፋበት ይኸው ርዕስ።

የውጭዎቹን አልንቅም። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤምዲካልክ በዓለም ላይ ብዙ ሐኪም የሚጠቀምበት ነው። ግን ሲሠራ እኛን አላሰበም። የኩላሊትን አቅም ለመገመት የኮክክሮፍትና ጎልትን ቀመር ይጠቀማል፤ 1976 እ.ኤ.አ. ላይ የወጣ፣ በ249 ወንዶች ላይ የተሠራ ቀመር ነው። ዕድሜን ከ140 ይቀንሳል። እኛ ደግሞ «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስንል «ጣሊያን ሲወጣ እረኛ ነበርኩ» እንባላለን። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ አስልቶ 90 ማለፋቸውን የሚያውቅ አለ፣ በዓይኑ ገምቶ 80 የሚጽፍም አለ። በዚያች አሥር ዓመት ብቻ ውጤቱ በአንድ ስድስተኛ ይለያያል። የአገራችን አፕ እንዲህ ያለውን ዘመን ወደ ዕድሜ የሚለውጥ ሰንጠረዥ ቢኖረው ቅንጦት አይሆንበትም። ቀመሩ የሚፈልገው የደም ክሬአቲኒንም በሚሊግራም ይሁን በማይክሮሞል ሳይጠይቅ እንዳያሰላ፤ በሁለቱ መካከል 88.4 እጥፍ አለ።

ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ደግሞ ለድርድር አይቀርብም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መረጃቸውን ከሩቅ የሚያመጡ አፖች ስልክ ውስጥ ሥዕል ሆነው ቀሩ።

ተጠቃሚውንም ትንሽ ልቆጣ። ደብረ ታቦር ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ይበርዳል፣ አውቃለሁ። ሕፃን ከነጋቢው፣ ከነሹራቡና ከነካልሲው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግን ምን ይባላል? ልብሱ አንድ ኪሎ ቢሆን፣ 5 ኪሎ ሕፃን ላይ 20 በመቶ ተጨመረ ማለት ነው። ክፍሉን ያሙቁና ልብሱን ያውልቁ። ማስያው የሰጡትን ኪሎ ነው የሚያምነው። ሽሮፕ ሲሆንም ብልቃጡን ያንብቡ፤ አሞክሳሲሊን በ5 ሚሊ 125ም አለ፣ 250ም አለ።

ስለ ማስተዋወቅ የምለው አጭር ነው። አፕ በእኛ አገር ከእጅ ወደ እጅ፣ በቴሌግራም ፋይል ሆኖ ይዞራል፤ ጥሩ ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም። ግን መመሪያ ይለወጣል፣ አሮጌው ፋይል መዞሩን አያቆምም። ስለዚህ የትኛውን መመሪያ፣ የየትኛውን ዓመት እንደተከተለ የፊት ገጹ ላይ በጉልህ ይጻፍ። «ፈጽሞ የማይሳሳት» የሚል ማስታወቂያ ይቅር። ሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ላይ ገብቶ አዳራሹን የክሎሮኩዊኑን ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል፤ ስድስት ብሎ የጻፈ ሁሉ ከሻይ በፊት አፑን ይጭናል።

አሁን ስልክዎ ላይ ማስያ ካለ፣ ነገ ለታማሚ ከመጠቀምዎ በፊት 60 ኪሎ፣ ክሎሮኩዊን ባለ 250 ብለው ይሞክሩት። 10 ፍሬ ካለ ፓሮሞማይሲንን ያስከትሉ። 6 ካለ ይሰርዙትና ለሠራው ሰው ይጻፉለት፤ ምናልባት ማንም አልነገረውም።